የላንድክሩዘርና የአሮጌው ሃይሉክስ ማርሽ ዘንግ አወላለቅና አገጣጠም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሾፌሮችም ከጀማሪ መካኒኮችም ስለ ማርሽ ዘንግ የሚመጡት ጥያቄዎች በጣም ይመሳሰላሉ፣ ስለዚህ አንድ ላይ ልመልሳቸው። ትኩረቴ እኛ አገር መንገዱን የሞሉት ሁለቱ ላይ ነው፦ 70 ሲሪየስ ላንድክሩዘር፣ ያው 1ኤችዜድ ሞተርና ኤች55ኤፍ የሚባለው ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ ያለው፣ እና ፎር ዊሉን በሁለተኛ ዘንግ የምታስገቡበት አሮጌው ሃይሉክስ። የሌሎቹን መጨረሻ አካባቢ በአጭሩ ነካ አደርጋለሁ።

ዘንጉ ማርሽ ውስጥ ገብቶም ወዲህ ወዲያ ይወላገዳል። ካምቢዮው አለቀ ማለት ነው?

አይደለም! ይሄን ጥያቄ መጀመሪያ ያደረግኩት ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ካምቢዮ እያስወረደ ብዙ ብር ስለሚያወጣ ነው። ዘንጉ ከላይ የምትይዙት ረጅም ብረት ነው፣ ወደ ታች ሲወርድ ኳስ የምትመስል ክብ ነገር አለችው፣ እሷ ከካምቢዮው ላይ ባለ መቀመጫ ውስጥ ተቀምጣ ትዞራለች፣ ከእሷ በታች ደግሞ የዘንጉ ጫፍ አለ፣ ማርሹን የሚገፋው እሱ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የፕላስቲክ ቡሺንግ ይገባል። ፕላስቲክ ስለሆነ በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ተፈርፍሮ ያልቃል፣ ያኔ ዘንጉ ገንፎ እንደሚማሰልበት ዓይነት መዞር ይጀምራል። ታች ያለችው ትንሽ ክፍተት ደግሞ ዘንጉ ረጅም ስለሆነ እጃችሁ ጋ ስትደርስ በጣም ትበዛለች።

እንዲህ ሞክሩት፦ ሞተር አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ 3ኛ አስገቡና ዘንጉን በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ ወዝውዙት። ምንም ሳይከብደው ብዙ ከሄደ፣ ከታችም ቀ ቀ የሚል ድምፅ ካለው፣ ችግሩ መቀመጫው ላይ ነው፣ ከመኪናው ውስጥ ቁጭ ብላችሁ የምትጨርሱት ስራ ነው።

ግን ማርሹ እየሄዳችሁ ዘሎ ዜሮ የሚሆን ከሆነ፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ ቤንዚን ስትለቁ ወይ ናፍጣውን ስትቀንሱ፣ ያ ብዙ ጊዜ ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ፎርኬታው (ማርሹን የሚገፋው ሹካ) ወይም ማርሹ ራሱ። ከዛ በፊት ግን የካምቢዮውን ሱፖርት ጎማ እዩት፣ ጎማው ከሞተ ካምቢዮው ይወርዳል ወይ ይዘማል፣ ዘንጉ ከኮንሶሉ (በወንበሮቹ መሃል ካለው ሳጥን) ጋር ተጋጭቶ ማርሹን የሚያስወጣበት ጊዜ አለ። ሲገባ ክርርር የሚል ከሆነ ደግሞ ፍሪሲዮን እየለቀቀ እንዳልሆነ ወይም ሲንክሮው (ማርሹ ሳይጮህ እንዲገባ የሚያደርገው ቀለበት) እንዳለቀ ነው የሚነግራችሁ፣ ዘንግ ብትቀይሩም አይድንም። ጠዋት ብቻ ከብዶ ሲሞቅ የሚስተካከል ከሆነ ዘይቱን ተጠራጠሩ።

ዘንጉን ለማውጣት ካምቢዮ መውረድ አለበት?

በፍጹም። ነገሩ ተቃራኒ ነው፣ ካምቢዮ ለማውረድ (ፍሪሲዮን ለመቀየር ለምሳሌ) ነው መጀመሪያ ዘንጉ መውጣት ያለበት፣ ካልወጣ ወለሉን አያልፍም። አንዳንዱ ቸኩሎ ካምቢዮውን ፈትቶ ከነዘንጉ ሊያወርድ ሲል ዘንጉ ወለሉ ላይ ይያዝና ያ ሁሉ ክብደት ይንጠለጠላል፣ ስር ላለው ሰው በጣም አደገኛ ነው። ላንድክሩዘር ላይ ካምቢዮውና ትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው) አብረው ስለሚወርዱ ለአንድ ሰው ጉልበት የሚሆን ነገር አይደለም፣ የካምቢዮ ክሪክ ይኑር።

ምን መሳሪያ ያስፈልገኛል?

ብዙ አይደለም። ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ባለ 10 እና ባለ 12 ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ንጹህ ጨርቅ (ክሩ የማይበተን)፣ ብሩሽ ወይ ኮምፕሬሰር፣ ግሪስ፣ የእጅ ባትሪ። ካገኛችሁ ረጅም ማግኔትና ቀጭን ወረንጦ ጥሩ ነው። አዲሱን ቡሺንግ ሳትይዙ ግን አትጀምሩ።

እሺ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት ነው የሚወጣው?

መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግ። ይሄን አትዝለሉት፣ ምክንያቱም ዘንጉን የምታወጡት ዜሮ ላይ አድርጋችሁ ነው፣ ዘንጉ ከወጣ በኋላ መኪናው ቢንሸራተት ማርሽ አስገብታችሁ አታቆሙትም። ትራንስፈሩም ኤን (ዜሮ) ላይ ከሆነ አንደኛ ማርሽ ቢገባም መኪናውን አይዝም፣ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም።

ከዛ የዘንጉን ራስ (በእጅ የምትይዙትን) ወደ ግራ አዙራችሁ ፍቱ። ከከበደ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በእጅ ነው እንጂ ፒንሳ ብታገቡበት ይላጣል። ቀጥሎ የላይኛው ላስቲክ፣ ዙሪያውን በብሎን የታሰረች ቆርቆሮ ይዛዋለች፣ ኮንሶል ካለ እሱም ይነሳል፣ ኮንሶሉ ላይ ገመድ ካለ የመኪናውን ባትሪ ነጋቲቭ ቀድማችሁ ንቀሉ። ላስቲኩን በዘንጉ ላይ ወደ ላይ ሳቡት። ስሩ ሁለተኛ ላስቲክ አለ፣ እሱም ይነሳል።

አሁን ቁሙ። ይሄ ላይ ነው ስራው የሚበላሸው። ላስቲኩ ስር ያለውን ቦታ በባትሪ ስታዩት ቀይ አቧራ ከግሪስ ጋር ተቦክቶ ዙሪያውን እንደ ጭቃ ደርቆ ታገኙታላችሁ፣ ጥጉ ላይ ጠጠር ይኖራል፣ አንዳንዴ የወደቀ ብሎንም። ይሄ ሁሉ ዘንጉን የያዘውን ቆብ በከፈታችሁበት ደቂቃ ወደ ካምቢዮው ውስጥ ነው የሚገባው፣ ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ ኩሽኔታውን እየፈጨ ይዞራል። ስለዚህ ቆቡን ሳትነኩ በብሩሽ አራግፉ፣ ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጥረጉ፣ ኮምፕሬሰር ካለ ንፉት፣ ደግማችሁ ጥረጉ። ጨርቁ ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። እኔ ዘንጉን ከማውጣቱ የበለጠ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ከጸዳ በኋላ ዘንጉን የያዘውን ክብ ቆብ ታያላችሁ። ቶዮታዎቹ ላይ ይሄ ቆብ በብሎን አይደለም የሚታሰረው፣ በስፕሪንግ ተወጥሮ በጆሮዎቹ ነው የሚይዘው። ጨርቅ ጣሉበት፣ በሁለት እጅ ወደ ታች በደንብ ጫኑት፣ እንደተጫነ ወደ ግራ አዙሩት፣ ይለቃል። ቀስ ብላችሁ ልቀቁት ስፕሪንጉ እንዳይዘል። ከዛ ዘንጉን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ፣ ይወጣል። ወዲያው ቀዳዳውን በንጹህ ጨርቅ ድፈኑት፣ ጨርቁ ትልቅ ይሁን፣ ግማሹ ውጪ ይታይ፣ ትንሽ ጨርቅ ውስጥ ተረስቶ እንዳይቀር።

ዘንጉ ስታወጡት የትኛው ጎኑ ወደ ሾፌሩ እንደነበረ በማርከር ምልክት አድርጉ። ዘንጉ ታጥፎ የተሰራ ነው፣ ገልብጣችሁ ብትገጥሙት ወይ ዳሽቦርድ ይነካል ወይ ወንበር።

ቆቡ ጫንኩት ግን አልዞርም አለ

ብዙ ጊዜ በደንብ ስላልተጫነ ነው፣ ጆሮዎቹ ከጎድጎዱ ካልወረዱ አይዞርም። ቁጭ ብላችሁ በክንድ ከመጫን ተንበርክካችሁ የሰውነታችሁን ክብደት አድርጉበት። ዝጎ ከሆነ ትንሽ ዝገት ማስለቀቂያ ረጩበት፣ ጠብቁት፣ ከዛ ቆቡን በጎኑ በእንጨት መታ መታ። በካቻቢቴና በመዶሻ የሚያዞሩ አሉ፣ ከለመዳችሁት ቀስ ብሎ ይሆናል፣ ግን ጆሮው ከተሰበረ ቆቡ ራሱ ነው የሚቀየረው፣ እሱን ደግሞ ማግኘት ከቡሺንጉ ይከብዳል።

ሁለተኛው ዘንግ፣ የፎር ዊሉስ?

ቡሺንግ ለመቀየር ብቻ ከሆነ አትንኩት፣ ዋናው ለብቻው ይወጣል። ካምቢዮ ሊወርድ ከሆነ ግን እሱም ይለቀቃል። አሮጌው ሃይሉክስ ላይ ዘንጉ ቀጥታ ትራንስፈሩ ውስጥ የገባ ሲሆን የያዘው ስናፕ ሪንግ (አፉ ክፍት የሆነ የብረት ቀለበት) ነው፣ በፒንሳ ታወጡታላችሁ። ስናፕ ሪንጉ የመዝለል ፀባይ ስላለው ጨርቅ ጣሉበት፣ ዓይናችሁንም ጠብቁ። ላንድክሩዘሩ ላይ ግን ዘንጉ ወደ ትራንስፈሩ የሚገናኘው በአገናኝ ብረትና በፒን ስለሆነ ከስር ነው የሚፈታው፣ የፒኗን ክሊፕና ዋሸር በወጡበት ቅደም ተከተል አስቀምጡ፣ ስልክ ካላችሁ ፎቶ አንሱት በቃ። አዲሶቹ ሃይሉክሶች፣ ከ2015 (በፈረንጅ) ወዲህ የመጣው ሞዴል፣ ፎር ዊሉን በሚዞር ስዊች ስለሚያስገቡ ይሄ ዘንግ የላቸውም።

የቡሺንጉ ስብርባሪ ወደ ውስጥ ወደቀ፣ ምን ላድርግ?

አትደንግጡ፣ ግን አይታችሁ እንዳላያችሁ አትግጠሙት። መጀመሪያ ምን እንደወደቀ እወቁ። አሮጌውን ቡሺንግ ሰብስባችሁ ጠረጴዛ ላይ ገጣጥሙት፣ የጎደለው ስንት እንደሆነ ይታያችኋል። ፕላስቲክ ማግኔት አይስበውም፣ ስለዚህ በወረንጦ ወይ ጫፉ ላይ ግሪስ በተቀባ ሽቦ ነው የሚወጣው። ትንሽ የፕላስቲክ ፍርፋሪ ብዙ ጊዜ ታች ተቀምጦ ከዘይቱ ጋር ይወጣል፣ ዘይት መቀየሪያ ጊዜው ቅርብ ከሆነ እዛው ቀይሩት። ብረት ከሆነ ግን፣ ብሎንም ይሁን የስናፕ ሪንግ ቁራጭ፣ ሞተር ማስነሳት ቀርቶ መኪናውን መግፋትም የለም። ጥርስ መሃል ከገባ ማርሽ ይሰብራል። በማግኔት ፈልጉት፣ ካልተገኘ ዘይቱን አፍስሱት፣ ካልወጣ ያኔ ማውረድ የግድ ነው።

ቡሺንጉን ከየት ልግዛ? ቶርኖ ቤት በነሐስ ቢሰራልኝስ?

አዲስ አበባ ከሆናችሁ ሶማሌ ተራ ይገኛል፣ ኦሪጅናል የምትፈልጉ ሞኤንኮ (የቶዮታ ወኪል) ጠይቁ። ክፍለ ሀገር ያላችሁ ደግሞ አሮጌውን ስብርባሪ ከነሻሲ ቁጥሩ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፣ "የላንድክሩዘር" ብሎ ብቻ መጠየቅ ዋጋ የለውም ምክንያቱም የካምቢዮው ዓይነት ይለያያል። ዱባይና ሻርጃ ዘመድ ያላችሁም ለዚህች ነገር ካምቢዮ ሙሉ አታስመጡ፣ የሻሲ ቁጥሩን ስጧቸውና ቡሺንጉን ብቻ ይግዙላችሁ፣ በኪስ የሚመጣ ዕቃ ነው።

ነሐሱን በተመለከተ፣ ይሰራል፣ ብዙ ሰው ይነዳበታል። የኔ ምርጫ ግን ፕላስቲኩ ነው። ፕላስቲክ የተደረገበት ምክንያት አለው፣ የካምቢዮውን ንዝረት ወደ እጃችሁ እንዳያመጣና ሲያልቅ ራሱ አልቆ ዘንጉንና መቀመጫውን እንዲያተርፍ ነው። ነሐስ ሲሆን ዘንጉ መጮህ ይጀምራል። ፕላስቲኩ ፈጽሞ ከጠፋ ቶርኖ ቤቱን በቴፍሎን እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ፣ ልኩን ከአሮጌው ሳይሆን ከዘንጉ ኳስና ከመቀመጫው ውሰዱ፣ አሮጌው አልቋልና ልኩ ውሸት ነው። ካላማዳሪያ ቆርጦ መጠቅለል ግን ተዉት፣ ጎማው በዘይት ያብጥና ተቆራርጦ ካምቢዮ ውስጥ ይወድቃል።

መልሶ መግጠሙስ?

ዘንጉን በናፍጣ እጠቡና አድርቁ፣ ኳሱን በጣታችሁ ዳስሱት፣ ጠርዝ ካወጣ ወይ በአንድ በኩል ከተበላ አዲስ ቡሺንግም ቶሎ ያልቃል። ቡሺንጉን ግጠሙ፣ ኳሱንና ጫፉን ግሪስ ቀቡ፣ አታብዙት። የደፈናችሁትን ጨርቅ አውጡ፣ በባትሪ ውስጡን አንድ ጊዜ እዩ። ኳሱ ጎን ላይ ጎድጎድ ካለ መቀመጫው ላይ ያለችው ፒን እዛ ነው የምትገባው፣ ዘንጉ በራሱ ዙሪያ እንዳይሽከረከር የምትይዘው እሷ ናት። ዘንጉን በምልክታችሁ መሰረት ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱት፣ ጫፉ ቦታው ሲገባ በእጃችሁ ይታወቃችኋል፣ ጠቅ ብሎ ይቀመጣል። ከዛ ቆቡን ጫኑ፣ ወደ ቀኝ አዙሩ፣ ልቀቁት፣ ከዛ ወደ ላይ ሳብ አድርጋችሁ መያዙን አረጋግጡ።

ላስቲኩን ሳትመልሱ ፈትሹ። ሞተር ጠፍቶ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ አንደኛ ሁለተኛ ሦስተኛ አራተኛ አምስተኛ የኋላ፣ ሁሉም ይግባ፣ ዜሮ ላይም ዘንጉ ራሱ ወደ መሃል ይመለስ። ከዛ ሞተር አስነሱና ድገሙት። ይሄ ሁሉ ሰላም ከሆነ ነው ላስቲክና ኮንሶል የሚመለሰው፣ አለበለዚያ ሁለት ጊዜ መፍታት ነው። ትንንሾቹን ብሎኖች አታጥብቁ በጉልበት፣ በተለይ አሉሚኒየም ላይ የሚገቡትን፣ ጥርሱ ከተበላ ጣጣ ነው።

ገጥሜው የኋላ ማርሽ (ወይ አንዱ ማርሽ) እምቢ አለኝ

ዘንጉ ውጪ እያለ ውስጥ ያለው ነገር ተነቃንቆ ይሆናል። ዘንጉን መልሳችሁ አውጡና በባትሪ ወደ ውስጥ እዩ። አንዳንዱ ካምቢዮ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ ጎድጎድ ያላቸው ብረቶች ናቸው የሚታዩት፣ ዜሮ ላይ ሲሆን ጎድጎዶቹ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፣ የዘንጉ ጫፍ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሻገረው በዛ መስመር ነው። አንዱ ወደፊት ወይ ወደኋላ ከሸሸ ማርሽ ገብቷል ማለት ነው፣ በረጅም ካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ ወደ መስመሩ መልሱት፣ ቀጭ ብሎ ዜሮ ይሆናል። አንዱ ገብቶ እያለ ሌላው እንዳይገባ የሚከለክል ኢንተርሎክ ስላለ ነው እምቢ ያላችሁ፣ እሱን በጉልበት ለማሸነፍ አትሞክሩ። ሌላው ዓይነት ላይ ደግሞ የሚታየው አንድ ጽዋ የመሰለ መቀመጫ ብቻ ነው፣ ጫፉ እሱ ውስጥ ሳይገባ ጎኑ ላይ ቆሞ ከሆነ ቆቡ ቢዘጋም ማርሽ በከፊል ብቻ ነው የሚሰራው።

ገጠር መንገድ ላይ ዘንጉ ተነቅሎ እጄ ላይ ቢቀር?

መጀመሪያ መኪናውን በፍሬን አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን፣ ታኮ ወይ ድንጋይ። ቆቡ ዘሎ ከሆነ አጽድታችሁ ጫን አዙር ማድረግ ነው፣ ጆሮው የተጎዳ ከሆነ በሽቦ አስራችሁ ቀስ ብላችሁ ጋራዥ ድረሱ። ዘንጉ ተሰብሮ ከሆነ ግን፣ ከላይ በነገርኳችሁ መንገድ ሞተር ጠፍቶ በትልቅ ካቻቢቴ 2ኛ ማስገባት ይቻላል፣ ትራንስፈሩ በራሱ ዘንግ ስለሚሰራ ሎው (ጉልበት የሚሰጠውን ቀርፋፋውን) አድርጋችሁ 2ኛ ላይ ፍሪሲዮን እየለቀቃችሁ ትነሳላችሁ። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ሎው ፎር ዊል ይዛችሁ ረጅም አትሂዱ፣ እነዚህ መኪኖች መሃል ላይ ዲፈረንሻል ስለሌላቸው ሲታጠፉ ይወጠራሉ። ይሄ ከጭቃ ወጥቶ ወደ ቀረበው ከተማ ለመድረስ ነው፣ ሰው ጭኖ ገደል መንገድ ለመውረድ አይደለም።

ላስቲኩ ተቀዷል፣ ግድ የለም አይደል?

ግድ አለው። ከስር ሙቀት፣ አቧራና የጭስ ሽታ በዛች ቀዳዳ ነው የሚገባው፣ ጭስ ማውጫው የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ መስኮት ዘግታችሁ ስትሄዱ ለሰውም አደጋ ነው። ወንዝ የምትሻገሩ ከሆነ የታችኛው ላስቲክ ሲቀደድ ውሃ በዘንጉ ስር ወደ ካምቢዮው ይደርሳል። ዘንጉን ካወጣችሁ አይቀር ሁለቱንም ላስቲክ አብራችሁ ቀይሩ።

ዘይቱን አብሬ ልይ?

እዩት። ከጎኑ ያለውን መሙያ ብሎን ፍቱ፣ ዘይቱ ከቀዳዳው ከንፈር ጋ መድረስ አለበት፣ ጣታችሁን አስገብታችሁ ታውቁታላችሁ። የምትቀይሩ ከሆነ ሁሌም መጀመሪያ መሙያውን ፍቱ፣ ከዛ ማፍሰሻውን፣ ምክንያቱም አፍስሳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ መሙያው አልፈታም ካለ መኪናው እዛው ቀረ ማለት ነው። ኤች55ኤፍ ወደ 5 ሊትር አካባቢ ይወስዳል፣ ጣሳው ላይ 75ደብሊው-90 ጂኤል-4 (የዘይቱ ውፍረትና ደረጃ) የሚል ግዙ። ሻጩ "ጂኤል-5 ይበልጣል" ካላችሁ፣ አንዳንዱ ጂኤል-5 ውስጥ ያለው ቅመም የነሐስ ሲንክሮን ስለሚበላ ጣሳው ላይ ለካምቢዮም እንደሚሆን ካልተጻፈ ይቅርባችሁ። ዘይቱ ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል።

ፓትሮል፣ ኢሱዙ፣ ላንድሮቨር ያለንስ?

ሃሳቡ ያው ነው፣ አያያዙ ነው የሚለየው። ጫን አዙር የሚል ቆብ ካላያችሁ ወይ ስናፕ ሪንግ ነው ወይ ዙሪያውን በብሎን የታሰረ ክዳን ነው። በብሎን ከሆነ ስሩ ጓርኒሲዮን ወይ ሲልከን ይኖራል፣ ስትመልሱ አሮጌውን በደንብ ፍቃችሁ አዲስ አድርጉ፣ የተፋቀው ፍርፋሪ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ቀዳዳው ተደፍኖ። ማርሹ በኬብል የሚሰራ መኪና ከሆነ ግን ዘንጉ ካምቢዮው ላይ ስላልተቀመጠ ይሄ ጽሑፍ ለእሱ አይሆንም፣ የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለውን ቡሺንግ ነው ማየት ያለባችሁ።

ሁሉንም መልሼ ዋናው ማርሽ ጥሩ ሆነ፣ የፎር ዊሉ ዘንግ ግን አልገባም አለ

ሎው ለማስገባት ከሆነ መኪናው ሙሉ በሙሉ መቆም አለበት፣ ዋናው ማርሽ ዜሮ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ። ጥርስ ከጥርስ ፊት ለፊት ቆሞ ከሆነም አይገባም፣ መኪናውን አንድ ክንድ ያህል ወደፊት አንቀሳቅሳችሁ፣ አቁማችሁ ድገሙት። አሁንም እምቢ ካለ ላስቲኩን አንሱና ዘንጉ ከወለሉ ቆርቆሮ ወይ ከኮንሶሉ ጠርዝ ጋር እየተጋጨ እንደሆነ እዩ፣ ኮንሶል ሲመለስ ትንሽ ከተዛባ ይሄ ይፈጠራል። ላንድክሩዘር ላይ ከስር ፒኗ በትክክል መግባቷን፣ ክሊፗም መኖሯን አረጋግጡ። ገብቶ የዳሽቦርዱ መብራት ብቻ ካልበራ ደግሞ ትራንስፈሩ ላይ ያለው የስዊች ሶኬት ሳይሰካ ቀርቶ ይሆናል። መብራቱ በርቶ የፊት ጎማ ካልጎተተ የፊት ሀቦቹ (የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ ያሉት) ሎክ መደረጋቸውን እዩ።